የግራው ወንበር

የተጋጨ መኪና ወደ ሮብሌ ግቢ ተጎትቶ ሲገባ ሌላው ሰው የሚያየው የተሰበረውን መብራትና የተቆለመመውን ኮፈን ነው። ሮብሌ ግን በቀጥታ ወደ ግራው በር ይሄዳል። በሩ እምቢ ካለው በብረት ፈልቅቆ ይከፍተውና ጎንበስ ብሎ ከክሩስኮቱ ሥር፣ ጉልበት የሚያርፍበትን ቦታ ይመለከታል። ሠላሳ አንድ ዓመት በበርበራ ጨዋማ አየር ውስጥ ላሜራ ሲያቃና ኖሯልና፣ የታጠፈውን ብረት አይቶ እዚያ ማን እንደነበረ፣ እግሩን እንዴት እንደዘረጋ፣ ቀበቶ ማሰር አለማሰሩን ያውቃል። ማወቁን ግን አያወራም። «አላህ ይማረው» ብሎ መዶሻውን ያነሳል።

ያን ቀን ጠዋት የመጣው የጎረቤቱ የታክሲ ሹፌሩ የዱዓሌ መኪና ነበር። የግራ ማዕዘኑ ወደ ውስጥ ገብቷል።

«ዓይኔ ናት ያጋጨችኝ!» አለ ዱዓሌ፣ እጁን እያወናጨፈ። «የሚስቴ እህት። ከፊቴ ቦቴ ነበር። መንገዱ ነፃ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ‹ሃ!› አለችኝ። ወጣሁ። ለካ በስልክ እያወራች ኖሯል! እናቷ ‹ሩዙን ገዛሽ ወይ› ብትላት ነው ‹ሃ› የምትለው!»

ሹፌሮቹ ዓይን የሚሉት በግራ የሚቀመጠውን ሰው ነው። መኪኖቹ መሪያቸው በቀኝ ሆኖ ከጃፓን ይመጣሉ፤ በመንገዱም የሚነዳው በቀኝ በኩል ነው። ስለዚህ ሹፌሩ ከዳር ዳር ፍየልና ቁጥቋጦ ሲያይ ይውላል፤ ከፊቱ የጭነት መኪና ከተገተረበት ከወዲያ የሚመጣውን ማየት የሚችለው በግራ ያለው ሰው ብቻ ነው። እሱም አንገቱን አስግጎ «ሃ» ካለ መሄድ፣ «ማያ» ካለ መቆየት ነው። አዎና አይ ማለት ናቸው፤ ሁለት ቃል፣ ሌላ ነገር የለም። ያ ወንበር ደግሞ ከፊት የሚመጣው ሁሉ መጀመሪያ የሚያገኘው ወንበር ነው።

«ጉልበቷስ?» አለ ሮብሌ።

«ጉልበቷ መሆኑን ደግሞ ማን ነገረህ?»

ሮብሌ ከክሩስኮቱ ሥር ያለውን ጎድጓዳ በጣቱ አሳየው። ዱዓሌ ጎንበስ ብሎ አየና መኪናውን በእግሩ መታ።

«ቆርቆሮ እኮ ነው! የድሮዎቹ ብረት ነበሩ። ይሄ እንደ ወረቀት ተጨማደደ።»

«ተጨማደደልህ። እሱ ባይጨማደድ እናንተ ነበራችሁ የምትጨማደዱት» አለ ሮብሌ።

ይህን ሁሉ ሲጫወቱ ሮብሌ ዓይኑን ከዱዓሌ አፍ ላይ አላነሳም። ከተማው ሁሉ ሮብሌን ጥሩ አዳማጭ ይለዋል። ሰው ሲያወራው ፊቱን ያያል፣ አያቋርጥም፣ ራሱን ይነቀንቃል፤ ችግር ያለበት ሁሉ ግቢው መጥቶ ጎማ ላይ ይቀመጥና ሆዱን ያራግፋል። እውነቱን ግን ሮብሌና ፈጣሪው ብቻ ነበር የሚያውቁት። ጆሮው አይሰማም። መዶሻው ቀስ በቀስ ወስዶበታል፤ መጀመሪያ የስልክ ጥሪን፣ ቀጥሎ የሴትና የልጅ ድምፅን፣ ከዚያ ከቃላት ውስጥ ቀጫጭኖቹን ድምፆች። የቀረለት ወፍራም ወፍራሙ ነው። በመስጊድ አጠገቡ የቆመውን ሰው እግር በሚያይበት ቦታ ይቆማል፤ ሰልፉ ሲያጎነብስ ያጎነብሳል።

የደበቀበት ምክንያት ቀላል ነው። እዚያ አገር ሰው በስሙ አይጠራም፤ በጉድለቱ ነው የሚጠራው። አንካሳው፣ ጥርሰ ገጣጣው፣ ባለ አንድ ዓይኑ፤ ማንም አይቀየምም ይባላል። የሮብሌ አባት መስማት ሲያቆም ዴጎሌ አሉት፣ ጆሮ የለሽ ማለት ነው። ሮብሌም የዴጎሌ ልጅ ሆኖ አደገ። የሰፈር ልጆች ከአባቱ ኋላ ቆመው ሲሳደቡና ሲስቁ፣ አባቱም ሰላም ያሉት መስሎት ዞሮ እጁን ሲያነሳላቸው በዓይኑ አይቷል። ያ ስም በእሱ ላይ እንዳይመለስ ሲል የሰውን ከንፈር ማንበብ ተማረ።

ዱዓሌ ገና ሳይሄድ ኡግባድ በግቢው በር ገባች። የሮብሌ ልጅ ናት፣ ያለችው አንዷ። ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። እግሯ ከማበጡ የተነሳ ነጠላ ጫማዋ ግማሽ ተረከዟን አልያዘም።

«አባዬ፣ አዋላጇ ግፊትሽ በጣም ከፍ ብሏል አለችኝ። ዛሬውኑ ሐርጌሳ ሂጂ፣ ዛሬ ካልሆነ ለአንቺም ለልጁም ያሰጋል ነው ያለችው። እዚያ ያለው ሐኪም የሚገኘው እስከ ስምንት ሰዓት ነው። አምቡላንሱ ቡርዖ ሄዷል።»

አራት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ባሏ በወደቡ ጎታች ጀልባ ላይ፣ ባሕር ውስጥ ነው።

«ሹፌር ልፈልግላችሁ?» አለ ዱዓሌ።

ሮብሌ የበርበራን ሹፌሮች አንድ በአንድ አሰበ። ሁሉንም የሚያውቃቸው በመኪናቸው ቁስል ነው። ልጁን የሚሰጠው አንድም አላገኘም።

«እኔ እወስዳታለሁ» አለ።

የእሱም መኪና ትንሽ ናት፤ ስትገዛም የተጋጨች ነበረች። የፊት ግራ ተሸካሚ ብረቷን ራሱ ነው ያቃናው፤ በሙያው ያፍርበታል ማለት አይደለም፣ ግን አንዴ ታጥፎ የተቃና ብረት ለሁለተኛ ጊዜ እንደ መጀመሪያው ታጥፎ ሰው እንደማያተርፍ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። በግራ በኩል ኤርባጉ በመጀመሪያው ግጭት ፈንድቶ አልቋል። ሌሎች ክፍተቱን በጨርቅ ጠቅጥቀው ክዳኑን ይለጥፉበታል፤ ሮብሌ ግን ሰውም እንዲያየው ብሎ ግልጥ ያለ ላሜራ ነበር የመታበት።

ኡግባድን ከኋላ፣ ከራሱ ወንበር ጀርባ አስቀመጣት። ቀበቶውን ራሱ አሰረላት።

«በሆድሽ ላይ አይሁን። ከሆድሽ በታች፣ በዳሌሽ አጥንት ላይ። የላይኛው በጡቶችሽ መሐል ይለፍ። እንዳታላውሺው።»

«አባዬ፣ እዚህ ከተቀመጥኩ ማን ያይልሃል?»

«ቀስ ብለን እንሄዳለን። ቢስሚላህ።»

ከመነሳቱ በፊት በመሐል ያለውን መስታወት አስተካከለ። ወደ ኋላ መንገድ አልነበረም ያዞረው፤ ወደ እሷ አፍ ነው።

ከወደቡ የሚወጡት የጭነት መኪኖች ያን ቀን እንደ ግመል ተከታትለው ነበር የሚሄዱት። ስሚንቶ፣ ስንዴ፣ ብረት የጫነው ሁሉ ዳገቱን እያቃሰተ ይወጣል። ሮብሌ ከአንድ ስሚንቶ የጫነ መኪና ኋላ ገባና እዚያው ቀረ። የሸራውን ቀዳዳ እስኪያውቀው ድረስ አየው። ከጭሱ የተነሳ መስኮት ቢዘጉ ሙቀቱ፣ ቢከፍቱ ንፋሱ። ግማሽ ሰዓት አለፈ፤ አንድ ሰዓት አለፈ። እግረኛ የሚቀድማቸው መሰለው። በመስታወቱ የልጁን ፊት ያያል፤ ግንባሯን ይዛለች።

«ራሴን አመመኝ» አለች ከንፈሯ።

«ትንሽ ነው የቀረው።»

«ምኑ ነው ትንሽ? ሲሶውን እንኳ አልሄድንም! ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። አባዬ፣ አቁም።»

አላቆመም። ትከሻውን በቡጢ ነካችው።

«አቁም አልኩህ!»

ሲያቆም ወርዳ በራሷ እጅ የፊቱን ግራ በር ከፍታ ተቀመጠች።

«ውረጂ። ያ ቦታ አይሆንሽም።»

«የት ልሁን ታዲያ? ከኋላ ተደላድዬ ተቀምጬ ስምንት ሰዓት ይለፍ? እኔ አይልሃለሁ። ሃ ስልህ ሂድ፣ ማያ ስልህ ቁም። ሰው ሁሉ እንዲህ አይደል የሚነዳው?»

ያን ጊዜ መናገር ነበረበት። ይልቅ ቀበቶዋን አስተካከለላትና ጉልበቷ የት እንደሚደርስ ተመለከተ። ላሜራው ሥር ነበር። ዓይኑን ከዚያ ላይ አንስቶ መኪናዋን አስነሳ።

ስሚንቶ የጫነውን መኪና እንደገና ደረሱበት። መንገዱ ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ሲወጣ ሮብሌ ወደ መንገዱ መሐል እየተሳበ «ምን ይታይሻል?» አለ። ፊቷን ለማየት ዞር ቢል መሪው ይንሸራተታል፤ መንገዱን ቢያይ አፏን ያጣል። ንፋሱ በመስኮት ይጮሃል። ከንፋሱ ውስጥ አንድ ወፍራም «አ» ብቻ መጣለት።

«ሃ» መሰለው። ወጣ።

ከፊቱ መንገዱን የሞላ ነጭ የጭነት መኪና ግንባር ነበር። ጡሩምባውን በጆሮው አልሰማውም፤ በደረቱ ነው የሰማው። መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዘ። ከግራ በኩል እንደ ጥይት የጮኸ ነገር ተሰማው፤ የጎን መስታወቱ ተነቅሎ ስባሪው በኡግባድ ጭን ላይ ፈሰሰ። መኪናዋ ከስሚንቶው መኪና ኋላ ተመልሳ፣ ጠጠር እየረጨች ከመንገዱ ወጥታ፣ አንድ ግራር ሥር ቆመች።

ሮብሌ መጀመሪያ ሆዷን አየ። ከዚያ ጉልበቷን፣ ከዚያ ፊቷን። ሁለት እጇ ክሩስኮቱ ላይ ነበር።

«ማያ ነው ያልኩት» አለች። «ማያ! ሦስት ጊዜ ነው የጮህኩት!»

«ሃ ያልሽ መሰለኝ።»

«እንዴት ሃ ይመስልሃል?»

ኡግባድ ስብርባሪውን ከቀሚሷ ላይ አንድ በአንድ እያነሳች በመስኮት ጣለች። ከዚያ ቀና ብላ በመሐል ያለውን መስታወት አየች፤ መንገዱን ሳይሆን ባዶውን የኋላ ወንበር ነበር የሚያሳየው፣ ቅድም እሷ የነበረችበትን። አትኩራ አየችው። የመከናነቢያዋን ጫፍ አንስታ አፏን ሸፈነች።

ሮብሌ ጨርቁ ሲንቀሳቀስ አየ። የምትለውን ግን አላወቀም።

ጨርቁን አወረደችው። «ምን አልኩህ?»

ሮብሌ ጨርቁንና አፏን እያፈራረቀ አየ።

«ስምህን ነው የጠራሁት፣ አባዬ። ጮክ ብዬ ነው።»

ሮብሌ እጁን ከመሪው ላይ አወረደ። «አይሰማኝም» አለ። «ቆይቷል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እናትሽ ሳትሞት።»

«እሷ ታውቅ ነበር?»

«እሷ ነበረች የምትሰማልኝ።»

ኡግባድ ልትቆጣ አፏን ከፍታ ነበር፤ አልቻለችም። እንባዋ ወረደ። ቀጥላም፣ እሱ እንዳያመልጠው ፊቷን ወደ ፊቱ አዙራ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እያስቀመጠች ተናገረች።

«እኔ መንዳት አልችልም፤ ከፊቴ ነጠብጣብ እየታየኝ ነው። አንተ መስማት አትችልም። ሰዓቱ እየሄደ ነው። ምን እናድርግ?»

ዳዓር ቡዱቅ እሩቅ አልነበረም። ሮብሌ ልጁን ወደ ኋላ መልሶ፣ ማንንም ሳይቀድም፣ አፉ «ያ ለጢፍ፣ ያ ለጢፍ» እያለ ፈጣሪውን እየለመነ እዚያ ደረሰ። ያቺ የመንገድ ዳር ከተማ መንገደኛ ሻይና የግመል ወተት ሳይጠጣ የማያልፋት ናት። ከአንዱ ሻይ ቤት ዳስ ሥር አሥራ ምናምን ሰው ተቀምጧል። ሮብሌ መሐል ገብቶ ቆመ። ድምፁ ከፍ ይበል ዝቅ ይበል የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም፤ እየጮኸ ነበር።

«ወንድሞቼ፣ ልጄ ከመኪናው ውስጥ ናት። ነፍሰ ጡር ናት፣ ታማለች፣ እስከ ስምንት ሰዓት ሐርጌሳ መድረስ አለባት። እኔ ጆሮዬ አይሰማም። ደንቆሮ ነኝ። ዓይን ቢቀመጥልኝ የሚለኝን አልሰማም፤ አሁን ልገድላት ነበር። የሚነዳልኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

የሳቀ አልነበረም። አንድ ሽማግሌ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። የወተት ሻጯ ሴት ሳትጠየቅ ውኃ ይዛ ወደ መኪናው ሮጠች። ከዳሱ ጥግ አንድ ቀጭን ሰው ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ተነሳ።

«እኔ አለሁ አጎቴ። የእኔ መኪና ራዲያተሯ ፈንድቶ ያቻትና ቆማለች። ጂርዴ እባላለሁ።»

ሮብሌ ወደተጠቆመው መኪና ዞሮ አየ። ሰውየውን በፊቱ አላስታወሰውም፤ የመኪናውን ፓራፋንጎ ግን በደንብ ያውቀዋል። የጫት መኪና ናት። ጫት ከድንበር እስከ ባሕር ሳይጠወልግ ለማድረስ እንደ ንፋስ የሚነዱት ሰዎች መኪና።

«ያቺን ነጯን ሁለት ጊዜ ፊቷን አቃንቼልሃለሁ» አለ።

«ሦስት ጊዜ ነው የተጋጨችው። አንዱን ሌላ ሰው ጋ ሄጄ ነው፤ ይቅርታህን» አለ ጂርዴ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

ሮብሌ ዙሪያውን አየ። ሌላ የተነሳ አልነበረም። ሰዓቱን አየ፣ ሰባት ሊሆን ሃያ ጉዳይ። ቁልፉን ሲሰጠው እጁ ከቁልፉ ጋር አብሮ መሄድ የፈለገ ይመስል ነበር።

«ቀስ ብለህ» አለው፣ መኪናዋ ውስጥ ሲገባ።

«አጎቴ፣ ጫት አይደለችም እኮ፣ አትጠወልግብኝም!»

«ልጠወልግ ነው እኮ!» አለች ኡግባድ ከኋላ፣ እየተንተባተበች። ጂርዴ ዞሮ አያትና ቀልዱን ተወ። ወንበሩን አስጠጋ፣ ቀበቶ አሰረ።

«ዓይኔ ማን ነው?»

ሮብሌ በግራ በኩል ገብቶ ተቀመጠ።

በዚያ ወንበር ተቀምጦ አያውቅም ማለት ይቻላል። ጉልበቱ የት እንደሚደርስ ቁልቁል ማየት አላስፈለገውም። ከፊቱ ራሱ የመታው ላሜራ፣ ከላሜራው ወዲያ ራሱ ያቃናው ብረት ነው፤ እያንዳንዱን የመዶሻ ምት ያውቀዋል፤ የትኛው እንደሰነፈበትም ጭምር። ቀበቶውን እስኪያመው ድረስ አጠበቀ። ጂርዴ ትከሻውን ነካ አደረገውና ፊቱን አዞረለት።

«ስማኝ፤ ማለቴ እየኝ። እኔ ያለ ዓይን አልወጣም። ዓይኔ ማያ ካለ ጫቱ ይቃጠል። ሦስቱም ጊዜ የተጋጨሁት ብቻዬን ስሄድ ነው። አንተ ካላልክ አልንቀሳቀስም፣ ገባህ?»

«ገባኝ።»

የመጀመሪያው መኪና በርሜል የጫነ ነበር። ጂርዴ ተጠጋና ጣቱን ወደ ፊት ቀሰረ። ሮብሌ አንገቱን አስግጎ አየ። ሩቅ ላይ ነጥብ የምታህል ነገር አለች።

«ማያ!»

ነጥቧ ቀርባ አህያ ሆነች። ጂርዴ እንደገና ጣቱን ቀሰረ።

«ማያ!»

አሁን መንገዱ ላይ ምንም አልነበረም። ሮብሌም ምንም እንደሌለ አይቷል። ግን ከዚያ ከምንም ውስጥ ያ ነጭ ግንባር የሚወጣ መሰለው፤ ሰላሳ አንድ ዓመት ያቃናቸው መኪኖች ሁሉ ከዚያ የሚመጡ መሰለው። ለሦስተኛ ጊዜ «ማያ» አለ። ለአራተኛ ጊዜም።

«ዴጎሌ!» አለ ጂርዴ ፊቱን አዙሮ። «የማይሰማው ጆሮህ ነው ወይስ ዓይንህም ነው?»

ስሙ ወጣ። ሮብሌ የአባቱን ስም በራሱ ላይ ሲወድቅ በጂርዴ ከንፈር ላይ አየው። ሕይወቱን ሙሉ የሸሸው ነገር ይኸው ነበር፣ ከአንድ የጫት ሹፌር አፍ፣ ያለ ምንም ክፋት። ለመቆጣት ግን ጊዜ አላገኘም፤ ወደ ኋላ ዞሮ ነበር። ኡግባድ ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ዓይኗን ጨፍናለች። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። በሁለት እጇ ሆዷን ታቅፋለች፤ ቀበቶው ግን እሱ እንዳሰረላት ነበር፣ ከሆዷ በታች።

ወደ ፊት ተመለሰ። እስከ ኮረብታው ድረስ አየ። የመንገዱን ቀኝ፣ ግራውን፣ አቧራ መነሳት አለመነሳቱን አየ። አንዴ ብቻ አየና በልቡ «አላህ ሆይ፣ ዓይኔን አታሳስተው» አለ።

«ሃ!»

ጂርዴ ወጣ። የበርሜሉ መኪና በጎን እየረዘመ፣ እየረዘመ አለፈ፤ ከዚያ ከፊታቸው ባዶ መንገድ ተዘረጋ።

ከዚያ በኋላ ሃያ ያህል መኪና ቀደሙ። ብዙ ጊዜ ማያ አለ፣ አንዳንዴ ሃ አለ። ሃ ባለ ጊዜ ሁሉ ጉልበቱ በራሱ ወደ ኋላ ይሸሽ ነበር፤ ቦታ ስለሌለው ግን ተመልሶ ላሜራውን ይነካል። ጂርዴ አንድም ጊዜ ሳይጠይቅ አልወጣም። ሐርጌሳ ሲገቡ የሮብሌ ድምፅ ጎርንኖ ነበር፤ በገበያው መሐል ፍየል ሲያይ እንኳ «ማያ!» እያለ ይጮህ ነበርና ሰው እየዞረ አያቸው።

ስምንት ሰዓት ሊሆን አሥር ጉዳይ ሆስፒታሉ በር ላይ ደረሱ። በተሽከርካሪ ወንበር አስገቧት። ጂርዴ ቁልፉን መልሶ፣ ወደ ዳዓር ቡዱቅ የሚመልሰው መኪና ፍለጋ ከመሄዱ በፊት «ዴጎሌ፣ ዓይን ከፈለግህ ጥራኝ፤ እኔም እጠራሃለሁ» ብሎ ትከሻውን መታ አደረገው።

ሮብሌ በኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። የቀትሩን ሶላት፣ ዙህርን፣ ገና አልሰገደም ነበርና እዚያው ጥግ ላይ ሰገደ፤ የሚያየው እግር ስላልነበረ በራሱ ጊዜ አጎነበሰ፣ በራሱ ጊዜ ተነሳ። አሰላምቶ ሲጨርስ የኡግባድ ክፍል በር ተከፍቶ አንዲት ነርስ ወጣች። አፏን በጭምብል ሸፍናለች። ዓይኗ እሱን እያየ ነው፤ ጭምብሉ ይንቀሳቀሳል።

ጠዋት ቢሆን ራሱን ይነቀንቅላት ነበር።

«ልጄ፣ እኔ አልሰማም» አላት። «አፍሽን ግለጪና ንገሪኝ።»

ነርሷ ጭምብሉን ወደ አገጯ አወረደች።

«በሰዓቱ ነው የደረሳችሁት። መድኃኒት ጀምረንላታል፤ እዚህ ትቆያለች። የልጁ ልብ ደህና ይመታል።»

ሮብሌ ከንፈሯ ላይ እያንዳንዱን ቃል አይቶ ነበር። አንድም አላመለጠውም።

«እስቲ ድገሚልኝ» አላት።